ለፈተና አንድ ታሪክ፣ ለቤት ሌላ ታሪክ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴ ልጅና ጓደኛዋ እኔ ቤት ሳሎን ቁጭ ብለው ለታሪክ ፈተና ያጠናሉ። ሁለቱም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። የእህቴ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት። ጓደኛዋ ደግሞ ቁርኣን ቀርታ ያደገች ልጅ ናት። አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ደርሰዋል። ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ብዙዎቻችን ግራኝ አህመድ እያልን ያደግንበት ሰው ላይ። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው። ትንሽ ሰግቼም ነበር። ይሄ ርዕስ ስንት ትልልቅ ሰው ሲያኳርፍ አይቻለሁ።

አልተጣሉም። የእህቴ ልጅ "እኛ ቤት የሚወራው ሌላ ነው" አለች። ጓደኛዋም "እኛም ቤት ሌላ ነው" አለቻት። ትንሽ ዝም ተባባሉ። ከዚያ አንዷ "ተይው ባክሽ፣ ፈተና ላይ ደብተሩ ያለውን ነው የምናጠቁረው" አለችና ገጹን ገልብጠው አለፉ።

ነገሩ እዚያው ማለቅ ነበረበት። ልጆቹ ይዋደዳሉ፣ አብረው ያጠናሉ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ቢጣሉ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ያሳሰበኝ፣ በዚያ እድሜያቸው አንድ ነገር ተምረው መጨረሳቸው ነው፤ ታሪክ ማለት ጥያቄ አውጪው የሚፈልገው መልስ ነው። በእውነት የሆነው ምን ነበር የሚለው ነገር ጭራሽ አልተነሳም። የቤቱ ቤት ይቀመጣል፣ የትምህርት ቤቱ መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ይጠቆራል፣ ሁለቱ ሳይተያዩ ልጆቹ ያድጋሉ። አድገው ደግሞ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ይመራሉ፣ ፌስቡክ ላይ ይጽፋሉ፣ አንዳንዴም ይዘምታሉ። ያኔ ከደብተራቸው ያለው አይደለም የሚያንቀሳቅሳቸው። የቤቱ ነው።

ሦስት ዘመን አንድ ቤት ውስጥ

እኛ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ዓይነት የታሪክ ትምህርት አለ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ነው የተማረው። ለእሱ የኢትዮጵያ ታሪክ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰለሞን ይነሳና በቀዳማዊ ምኒልክ በኩል ሳይቋረጥ ወርዶ ጃንሆይ ጋ ይደርሳል። ማስረጃው የት አለ ብሎ መጠየቅ በዚያን ጊዜ የክፍል ውስጥ ጉዳይ አልነበረም። የዘር ሐረጉ ሕግ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስፍሮታል፤ የ1923ቱም በሦስተኛው አንቀጹ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት አገር የትኛው መምህር ነው ተማሪዎቹን "እስቲ ይሄን እንመርምረው" የሚለው?

ቤተ ክህነትም ከጅምሩ እዚያው ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ የውጭ መምህራን የልጆቹን ሃይማኖት ያስቀይራሉ የሚል ስጋት ከቤተ ክህነት ስለመጣ፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ ተደረገ። አንድ እምነት መሆናቸው ስጋቱን አበረደው። ይሄን የማነሳው ለመውቀስ አይደለም። የአገሪቱን ፊደልና መጽሐፍ ለዘመናት የጠበቀች ቤተ ክርስቲያን በትምህርት ላይ አልናገርም ብትል ነበር የሚገርመው። ግን አንድ ሙስሊም ልጅ በዚያ ዘመን የታሪክ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ራሱን የት ጋ ያገኘው ነበር?

ታላቅ እህቴ ደርግ ደረሰባት። ሰለሞን ወጣ፣ ማርክስ ገባ። ኢትዮጵያ ከጥንታዊ የጋርዮሽ ሥርዓት ተነስታ፣ በባሪያ አሳዳሪና በፊውዳል ሥርዓት አልፋ፣ ወደ ሶሻሊዝም የምትጓዝ አገር ሆነች። እህቴ ቅደም ተከተሉን እስከ ዛሬ በቃሏ ታውቀዋለች። "ላሊበላ የትኛው ሥርዓት ውስጥ እንደሚገባ ተምረናል፤ እንዴት እንደተፈለፈለ ማን እንደጻፈልን የተማርኩት ግን ትዝ አይለኝም" ትላለች።

እኔ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው የተማርኩት። ሥነ ዜጋ፣ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች፣ ያለፉት ሥርዓቶች ጭቆና። አባቴ በሚያስታውሰው ትምህርት ውስጥ ስማቸው የሚነሳው ሲዘመትባቸው ብቻ የነበሩ ሕዝቦች በኔ ጊዜ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ሆነው መጡ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መካድ የለበትም። ግን የኔም ትምህርት መድረሻው ቀድሞ የታወቀ ነበር። ያለፈው ሁሉ ጨለማ፣ ከዚያ ሕገ መንግሥቱ፣ ከዚያ ብርሃን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደግሞ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለን የሚሉና የመቶ ዓመት ነው የሚሉ ሰዎች ሲነታረኩ እንሰማለን። ሁለቱን የሚመዝን መሣሪያ ግን ማንም አልሰጠንም።

ሦስታችንን አንድ ላይ ሳስበን የሚገርመኝ የተለወጠው ነገር አይደለም። ያልተለወጠው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ያሸመድዳል፣ ይፈተናል። አባቴም እንደዚያ፣ እህቴም እንደዚያ፣ እኔም እንደዚያ። እያንዳንዱ መንግሥት ሲመጣ የቀድሞውን ታሪክ ውሸት ነው ብሎ መልሱን ቀየረው፤ መልስ የመስጠት ሥልጣኑን ግን እንዳለ ወረሰው። ለዚህ ነው ስለ ሥርዓተ ትምህርት የምንጨቃጨቀው ጭቅጭቅ ሁሌ የሚያደክመኝ። ሁሉም የሚጣላው የኔ ታሪክ ይግባ፣ ያንተ ይውጣ በሚለው ነው። ልጁ እንዴት አድርጎ ያጣራ የሚለውን አጀንዳ ያደረገ ወገን አላየሁም።

የተዘለለው ገጽ

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት አለበት ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90ን ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። እንደዚህ ዓይነት አንቀጽ የሌላቸው አገሮች ሞልተዋል።

ችግሩ ነጻ የሚለውን እንዴት እንደተረዳነው ነው። በተግባር ማንም እንዳይቆጣ ማለት ሆኗል። የሚያስቆጣው ነገር ይሳሳል፣ ይለዝባል፣ በፍጥነት ይታለፋል። የልጆቹን ደብተር አይቼዋለሁ። ስም አለ፣ ዓመት አለ፣ ማን አሸነፈ የሚል አለ፣ ከዚያ ቀጣይ ርዕስ። ያውም በእንግሊዝኛ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ልጆቹ በገዛ አያቶቻቸው ላይ የደረሰውን ነገር ማልቀስም መቆጣትም በማይችሉበት ቋንቋ ነው የሚያሸመድዱት። ለካ ሁለቱ ልጆች ያልተጣሉት ለዚህም ነው። ደብተሩ ውስጥ የሚያጣላም የሚያወያይም ነገር የለም።

ዝም ሲባል ደግሞ ቦታው ባዶ አይቀርም። ስብከቱ ይሞላዋል፣ ዳዕዋው ይሞላዋል፣ ቲክቶክ ይሞላዋል፣ በየዩቲዩቡ ቁጭ ብሎ የሚፎክረው ይሞላዋል። የሃይማኖት ቤት የራሱን ትዝታ ማስተማሩ መብቱ ነው፣ አልቃወምም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ቤት የሚያስታውሰው የተወጋበትን ነው፤ የወጋበትን ማንም አያስታውስም። ሁለቱ ትዝታ ፊት ለፊት መገናኘት የሚችልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የሁሉም ልጅ የሚገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት። እሱ ካለፈው ሌላ ቦታ የለም።

በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሚል የጋራ ኮርስ ሊጀምሩ ሲሉ የተነሳውን አቧራ የሚያስታውስ ያስታውሳል። የማስተማሪያው ረቂቅ ምሁራኑን ራሳቸውን ከፋፈላቸው። በቴሌቪዥን ሲከራከሩ እያየሁ የተመኘሁት አንድ ነገር ነበር። ያ ክርክር እንዳለ፣ ከነሰነዱ፣ ኮርሱ ቢሆን! የተማሩ ሰዎች በምን ማስረጃ እንደሚለያዩ ማየት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከየትኛውም የተስማማ ሞጁል የበለጠ ትምህርት ነው።

ከዝምታው ጫፍ የደረሰች አገርም አለች። ሩዋንዳ ከእ.ኤ.አ. 1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ የራሷን ታሪክ በትምህርት ቤት ማስተማር ለዓመታት አቁማ ነበር። የቀድሞው ትምህርት ለጥላቻው መንገድ ስለጠረገ ምን ይተካው የሚለው ላይ መስማማት ከባድ ነበር። እገባቸዋለሁ። ግን ልጅ ጎረቤቱን ማን ምን እንዳደረገው በሹክሹክታ እየሰማ ነው የሚያድገው።

ሁለቱ ጸሐፊዎች

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን አስቀመጥኳቸውና ሁለት ጽሑፍ አመጣሁላቸው። አንዱ ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ሺሃቡዲን አህመድ የጻፈው ፉቱህ አል-ሐበሻ ነው። ሰውየው የኢማሙን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ሆኖ በዐረብኛ የጻፈ ነው። ሌላው ኢማሙን የተዋጉት የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ነው፤ በግዕዝ፣ ከቤተ መንግሥቱ ወገን የተጻፈ። ሁለቱንም ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ለማንም ታሪክ ለሚወድ ሰው የምመክረው ነገር ቢኖር ይሄን ነው።

መጀመሪያ ያስተዋሉት መመሳሰላቸውን ነው። የፉቱህ ጸሐፊ ለኢማሙ ድል የሚያመሰግነው አላህን ነው። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊም ለገላውዴዎስ ድል እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ሁለቱም የራሳቸው ጦር ጀግና ነው። የእህቴ ልጅ "ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው እንዴ?" አለች። እኔ ምንም አልመለስኩላትም፣ ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

ከዚያ መካነ ሥላሴ ላይ ደረስን። የነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያን፣ አፄ ናዖድ ያስጀመሯት፣ አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሷት፣ በወርቅ ያጌጠች። በኢማሙ ጦር ተቃጥላለች፤ ይሄን የእህቴ ልጅ ከሰንበት ትምህርት ቤት ታውቀዋለች። የማታውቀው ግን ዐረብ ፈቂህ ራሱ የጻፈውን ነው። ኢማሙ ገብቶ ሲያይ ተገረመ፣ ከጦሩ ጋር የነበሩትን ዐረቦች ጠርቶ በሮምም በሕንድም በሌላም ቦታ እንደዚህ ያለ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፣ እነሱም አይተንም ሰምተንም አናውቅም አሉት። ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ።

ሁለቱም ጸጥ አሉ። የእህቴ ልጅ የቤተ ክርስቲያኗን ውበት ከዚህ በላይ የመሰከረላትን ሰው ሰምታ አታውቅም፤ መስካሪው ደግሞ የአቃጣዮቹ ወገን ነው። ጓደኛዋ በበኩሏ ቤታቸው ሲነገራት የኖረው ጀግና ያን ውበት አይቶ፣ አድንቆ፣ ከዚያ እንዲቃጠል ማድረጉን ከገዛ ወዳጁ ብዕር ሰማች። "ይሄን ማን ጻፈው?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ጠላት የጻፈው ቢሆን ኖሮ ውሸት ነው ብላ ታልፈው ነበር። ደግሞም ማለፍ መብቷ ነበር። አሁን ግን ማለፊያ አጣች። እኔ የታሪክ ትምህርት የምለው ያቺን ቅጽበት ነው። ማንም የፖለቲካ ሰው፣ ማንም ሰባኪ፣ ማንም መምህር አልነገራትም። ጽሑፉ ራሱ ከያዘችው ነገር ጋር አጋጫት።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተከፈተ። ጓደኛዋ "እሺ፣ ከዚያ በፊትስ? እኛ ዝም ብለን ነው የተነሳነው?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፉቱህ ራሱ ገና ሲጀምር የሚያወራው የክርስቲያኑ ንጉሥ ሹም ወደ ሙስሊሞቹ አገር ዘምቶ ስለመዝረፉ ነው። ወደ ኋላ ብንሄድም ከሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አፄ ዓምደ ጽዮን በሙስሊሞቹ ግዛቶች በይፋትና በአዳል ላይ የዘመቱትን ዘመቻ የራሳቸው ጸሐፊ በኩራት ነው የሚተርከው። የዘይላ ወደብን የንግድ መስመር ማን ይያዝ፣ ግብር ማን ለማን ይክፈል የሚለው ከሃይማኖቱ ጋር ተጠላልፎ የኖረ ጥል ነው። በ1521 ዓ.ም. ኢማሙ አፄ ልብነ ድንግልን ያሸነፈበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ድንገት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሲገደልም፣ አንዱ ወገን ከኦቶማን የመጡ ጠመንጃ ታጣቂዎች፣ ሌላው የፖርቱጋል ወታደሮች ነበሩት። የሁለት ቤት ጥል ብቻ አልነበረም።

ጓደኛዋ በመጨረሻ ስለ ቦሩ ሜዳ አነሳች። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ፣ ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸውን። የወሎው መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል የተባለው፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆነው፣ ያኔ ነው። የእህቴ ልጅ ንጉሥ ሚካኤልን ታውቃቸዋለች። ቦሩ ሜዳን ሰምታ አታውቅም። ጓደኛዋ ደግሞ እንደ ተረት ከአያቷ አፍ ነው የምታውቀው። አንዷ ቤት በየዓመቱ የሚታወስ፣ ሌላዋ ቤት የሌለ ነገር! ተኮራርፈው አልተለያዩም። ትንሽ ሞቅ አድርገው ተከራከሩ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ ከዚያ የእህቴ ልጅ "ስለዚህ የተጻፈ አለ?" አለች። ከዚያ ቅዳሜ ሁሉ ያቺን ጥያቄ ነው የወደድኳት።

መምህሩን ማን ይቆምለታል?

አንድ የማውቀው የታሪክ መምህር ይሄን ሁሉ ሳጫውተው አንገቱን ነቀነቀ። "አንቺ ቤትሽ ውስጥ ሁለት ልጅ ነው ያስተማርሽው፤ እኔ ስልሳ አለኝ፣ ሁሉም ስልክ አለው" አለኝ። ትክክል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተቆርጣ ቴሌግራም ላይ ከወጣች መምህሩ በአንድ ቀን የአንዱ ሃይማኖት ጠላት፣ የአንዱ ብሔር ጠላት ይሆናል። ወላጅ ይመጣል፣ ወረዳ ይጠራዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ስምና ዓመት ጽፎ ያልፋል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተሻለ አደርጋለሁ ለማለት አልደፍርም።

ስለዚህ መምህሩን ደፋር ሁን ማለት ከንቱ ነው። የሚያስፈልገው በእጁ የሚይዘው ነገር ነው። ወላጅ ሲቆጣ "ይኸው፣ ጽሑፉ ራሱ፣ መማሪያ መጽሐፉ ላይ የታተመ" ብሎ የሚያሳየው። የመምህሩ አስተያየት ሳይሆን የዐረብ ፈቂህ ገጽ፣ የዜና መዋዕሉ ገጽ፣ ጎን ለጎን፣ ከሥሩም ማን እንደጻፈው፣ መቼ፣ ከማን ወገን ሆኖ። ፈረንሳይና ጀርመን፣ እነዚያ ስንት ጊዜ የተላለቁ አገሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጋራ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጀርመንና ፖላንድም ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ የመማሪያ መጽሐፎቻቸውን አብሮ የሚመረምር የምሁራን ኮሚሽን አቋቁመዋል። እኛ ሁለት አገር እንኳን አይደለንም። አንድ ትምህርት ሚኒስቴር ነው ያለን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በኛ የታሪክ ትምህርት ግን ማደሩ ብቻውን ምንም አላጠራም። በአባቴና በእህቴ ልጅ መካከል ስንት ዓመት አድሯል።

የምር የሚለወጥ ነገር ከተፈለገ ደግሞ መጀመሪያ መነካት ያለበት ፈተናው ነው። እዚህ አገር ተማሪውም መምህሩም ወላጁም የሚንቀሳቀሰው ብሔራዊ ፈተና ላይ በሚመጣው ነገር ነው፤ መጽሐፉ የፈለገ ቢያምር የማይፈተን ገጽ አይነበብም። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ አይቻልም የሚሉኝ አሉ። ይቻላል። ከፉቱህ አራት መስመር፣ ከዜና መዋዕሉ አራት መስመር ይቅረብና ሁለቱም ጸሐፊዎች የሚስማሙበት የትኛው ነው ተብሎ ይጠየቅ። ቀጥሎ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚለው የትኛው ነው ተብሎ ይጠየቅ። አራት አማራጭ ይኑረው፣ ይጠቆር፣ በማሽን ይታረም። እንደዚህ ያለ ጥያቄ አንድ ዓመት ቢመጣ በሚቀጥለው ዓመት በየክልሉ ያለ የታሪክ መምህር ሁለቱን ጽሑፎች ፈልጎ፣ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ ክፍል ይዞ ይገባል፤ ማንም ሳያዘው።